የኪቶ ፉርዲሳ ተማሪዎች ሃይስኩሎቻችን ገብተው ኮዲንግና ኤሌክትሮኒክስ ቢያስተምሩስ? (ረጅም ክር፣ ከነመልሶቹ)

የመነሻ ፖስት

ሰላም የጅማ ልጆች፣ እዚሁ ያላችሁም ርቃችሁ የሄዳችሁም። አንድ ሐሳብ ይዤ መጥቻለሁ፣ ደግፉትም ንቀፉትም ብቻ ዝም ብላችሁ አትለፉት። እኔ ጅማ ተወልጄ ያደግኩ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባለበት ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ኮምፒውተር የተማርኩ፣ አሁንም እዚሁ በሙያዬ የምሠራ ሰው ነኝ እና ከተመረቅኩ ጀምሮ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ግቢ ውስጥ አፕ የሚሠራ፣ ሰርኪት የሚገጣጥም፣ ሰርቨር የሚያስተዳድር ተማሪ ሞልቷል። ከአጥሩ ወጥተህ በባጃጅ ትንሽ ሄድ ስትል ደግሞ የአይሲቲ ፈተና ላይ ጥሩ ውጤት ያመጣ፣ ኪቦርድ ግን በእጁ ነክቶ የማያውቅ የአስራ አንደኛ ክፍል ልጅ ታገኛለህ። በአንድ ከተማ እየኖሩ አይገናኙም።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ እኮ ስሙ የተጠራው ተማሪውን ከግቢ አውጥቶ ሕዝቡ መሃል በማስገባት ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በዚህ መንገድ ነው ሲያስተምር የኖረው፣ በ1952 ከተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅ ጋር ተዋህደው በ1999 ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑም ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርት የሚባለው ነገር የመላው ዩኒቨርሲቲ መለያ ሆነ። ነጭ ጋዋን የለበሱ ልጆች ደብተር ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ ሽንት ቤት አላችሁ ወይ፣ ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ፣ ሕፃኑ ተከትቧል ወይ ሲሉ ያላየ የጅማ ሰው የለም። ታዲያ ያንኑ ለኮምፒውተርና ለኢንጂነሪንግ ትምህርት ለምን በደንብ አናደርገውም?

የምለው ይሄ ነው፦ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ተማሪዎች ከሁለተኛ ዓመት ጀምረው ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ሃይስኩል ይያዙ፣ በየሳምንቱ እዚያው ይሂዱ፣ ሥራው ክሬዲት ይኑረው፣ ሲመረቁ ደግሞ ለሚቀጥለው ባች በጽሑፍ ያስረክቡ። ሃይስኩሉ ክፍልና ሰዓት ይስጥ፣ ዩኒቨርሲቲው ተማሪና ዕቃ፣ ከተማው ትራንስፖርት፣ እዚህ ያለን ባለሙያዎች ደግሞ ልጆቹ ሲቸገሩ እንድረስላቸው። ፕሮጀክት ስንቴ መጥቶልናል፣ የሚረከበው እያጣ ነው የሚጠፋው። እስቲ ምን ትላላችሁ?

(ክሩ ስለረዘመ አዲስ የምትገቡ ሰዎች ሁሉን ማንበብ አልቻልንም ስላላችሁ፣ መልሶቹን በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አሳጥሬ ከታች አስቀምጫለሁ። የኔን አስተያየት በየመሃሉ ጣል አድርጌያለሁ።)

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ ጅማ የተማረ የጤና መኮንን ነው፣ በጣም በትህትና ነው የጻፈው። ሐሳቡን ወዶታል ግን ከራሱ የሲቢቲፒ (ተማሪዎች ሕዝቡ መሃል ገብተው የሚሠሩበት የማኅበረሰብ ተኮር ሥልጠና ፕሮግራም) ጊዜ አንድ ነገር አስታወሰን። የነሱ ቡድን አንድ ቀበሌ ውስጥ ሳምንታት ፈጅቶ ችግሮችን መዝግቦ በቅደም ተከተል አስቀምጦ ሪፖርት አስገባ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሄደው ቡድን ያንን ሪፖርት ሳያይ ከዜሮ ጀምሮ ያንኑ ችግር እንደ አዲስ አገኘው። የቀበሌው ሰዎችም መጨረሻ ላይ ጥያቄ መመለስ ሰልችቷቸው እንደነበር ነው የሚነግረን። ኮዲንጉም ያለ መረካከብ ከሄደ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ እንደሚሆን አስጠነቀቀ። እኔ ክሩን የከፈትኩት ለዚሁ ነው ብዬ አመሰገንኩት።

መልስ 2

ሁለተኛዋ ጠንቃቃ ናት፣ ጉዳዩን በቅርብ የምታውቅ ይመስላል። የኢንጂነሪንግ ተማሪም ሲቢቲፒ እንደሚወጣ፣ ዩኒቨርሲቲውም የስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሒሳብ) ማዕከል እንዳለው፣ ነገሩ ከባዶ እንደማይጀመር አስታወሰች። የስቴም ማዕከላቱን ታሪክም ጨምራለች፣ ስቴምፓወር የሚባለው ድርጅት መነሻው ቢሾፍቱ ፎቃ ላይ በ2009 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ማዕከል እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር እየተባበረ በብዙ ከተሞች ላብ እንደተከፈተ። ቦታና መምህር ዩኒቨርሲቲው ይሰጣል፣ የላብ ዕቃና ሥልጠና ከድርጅቱ ይመጣል፣ ተማሪው ከአካባቢው ትምህርት ቤት ይመጣል።

ይሄ ሁሉ ልክ ነው፣ ማዕከሉም ለገቡት ልጆች ትልቅ ነገር ነው። የኔ ጭንቀት ላልገቡት ነው። ወደ እንዲህ ዓይነት ማዕከል የሚሄደው በውጤት የተመረጠው ልጅ ነው፣ አርባኛ የወጣው ልጅ ግን እዚያው ሃይስኩሉ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ቢሄዱ ነው የምለው፣ ማዕከሉ የአማካሪዎቹ ማሠልጠኛና የዕቃ መጋዘን ይሁን፣ ትምህርቱ ደግሞ ልጁ ያለበት ድረስ ይሂድ።

መልስ 3

ከክሩ ሁሉ ቁም ነገር ያለው ለኔ ይሄኛው ነው፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። የጻፈው ከጅማ ወጣ ባለች አንዲት ከተማ የሚያስተምር የአይሲቲ መምህር ነው፣ ትምህርት ቤቱን አልጠቀሰም እኔም አልጠየቅኩትም።

ትምህርት ቤታቸው ኮምፒውተር አለው። ክፍሉ ግን ተቆልፏል። ሰው ሁሉ መምህሩን ነው ሰነፍ የሚለው፣ እሱ ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ አስረዳን። ዕቃው ሲመጣ ንብረት ክፍል በሞዴል 19 ገቢ ያደርገዋል፣ ከዚያ መምህሩ በሞዴል 22 ፈርሞ ይረከባል። ከዚያች ፊርማ በኋላ እያንዳንዱ ማውስና ኬብል በሱ ስም ነው። አንድ ማውስ ቢጠፋ ከደሞዙ ነው፣ ዝውውር ቢጠይቅ ክሊራንስ አይሰጠውም። ስድሳ ልጅ በአንዴ ሲገባ ብቻውን ሆኖ ማን ምን እንደነካ ማየት አይችልም፣ ስለዚህ ይቆልፋል። ከሱ በፊት የነበረውም ይቆልፍ ነበር።

ተቆልፎ የቆየ ኮምፒውተር ደግሞ ራሱን ችሎ ይበላሻል። የማዘርቦርዱ ባትሪ ያልቃል፣ ያቺ ሳንቲም የምታክለው ሲአር2032 ማለት ነው፣ ያኔ ማሽኑ ቀኑን ረስቶ የድሮ ዓመት ላይ ይነሳል፣ ቀኑ ሲሳሳት ደግሞ ብራውዘሩ ድረገጾችን አልከፍትም ይላል፣ ይሄን የማያውቅ ሰው ኢንተርኔቱ ተበላሽቷል ብሎ ይተወዋል። መብራት ሄዶ ሲመለስ በሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ፓወር ሰፕላይ ይቃጠላል። ፍላሽ ይዞ በመጣው ቫይረስ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ይሆናል። አንዷን ባትሪ ለመግዛት ጥያቄ ጽፎ፣ ሦስት ፕሮፎርማ አሰብስቦ፣ ተፈርሞ እስኪመጣ ሴሚስተሩ ያልቃል። መምህሩ ይሄን ሁሉ ሲጽፍ ማንንም አላማረረም፣ በሩን መክፈት እንደሚፈልግ ብቻ ነው የሚናገረው። የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፣ ልጆቹን አብሮት የሚጠብቅ ተጨማሪ ሰው እና ኃላፊነቱን የሚጋራው ፊርማ። ኮምፒውተር ለመርዳት የምታስቡ ሰዎች እባካችሁ ይቺን መልስ ደግማችሁ አንብቧት፣ ምክንያቱም ዕቃ በጨመርን ቁጥር የዚህ ሰው ፊርማ ነው የሚከብደው።

መልስ 4 እና 5

እዚህ ጋ ድምፁ ተቀየረ። 4ኛው ሰውዬ ሰላምታም ሳይሰጥ ነው የገባው። በ2014 ዓ.ም. የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ መሆናቸውን አስቀምጦ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ ያልያዘ ልጅ ላይ ሮቦት ማምጣት ለፎቶ ካልሆነ ለምንም እንደማይጠቅም ነው የጻፈው። እኔንም ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ሕልም የሚያይ ሰው አድርጎኛል።

ቁጥሮቹ ልክ ናቸው። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፣ ያም ሆኖ ከአስር ልጅ ዘጠኙ አላለፈም። ብስጭቱ ይገባኛል። ግን መልሱን ከኔ የተሻለ የሰጠችው 5ኛዋ ናት፣ የሒሳብ መምህርት ናት። ስክራች የሚባለውን ነፃ የኮዲንግ መማሪያ ፕሮግራም ኢንተርኔት በሌለበት በአንድ ላፕቶፕ ላይ ጭና ለዘጠነኛ ክፍል አሳየቻቸው። የስክራች መድረክ መሃሉ ዜሮ ዜሮ ነው፣ ወደ ቀኝ እስከ 240፣ ወደ ግራ እስከ ኔጋቲቭ 240፣ ወደ ላይ 180፣ ወደ ታች ኔጋቲቭ 180። ኔጋቲቭ ቁጥር ሰሌዳ ላይ አልገባ ያላቸው ልጆች መድረኩ ላይ ያለችውን ድመት ወደ ግራ ለማስኬድ ሲሉ በአንድ ክፍለ ጊዜ ገባቸው። ኮዲንግ የሒሳብን ቦታ ይወስዳል የሚል ሰው እስካሁን ሒሳብን በኮዲንግ አስተምሮ አላየም የሚል ነው አነጋገሯ፣ ትንሽ ጠንከር ያለ ነው ግን ልክ ናት።

መልስ 6

አጭር ነው፣ ጠቃሚ ነው። ኮምፒውተር በሌለበት ኮምፒውተር ሳይንስ ማስተማር እንደሚቻል፣ ኒውዚላንድ ውስጥ ካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ያሉ መምህራን ለዚሁ የሚሆኑ ጨዋታዎች በነፃ እንዳዘጋጁ ጠቆመ። አምስት ካርቶን ቆርጠህ 16፣ 8፣ 4፣ 2 እና 1 ነጥብ ትስልባቸዋለህ፣ አምስት ልጅ ይዟቸው ይቆማል፣ የተከፈተው አንድ የተገለበጠው ዜሮ ነው፣ 19ን አሳዩኝ ስትል 16፣ 2 እና 1 የያዙት ይከፍታሉ፣ ባይነሪ፣ ማለትም ኮምፒውተር በአንድና በዜሮ ብቻ የሚቆጥርበት መንገድ፣ ገባቸው ማለት ነው። የሶርቲንጉን፣ ማለትም ቁጥሮችን በቅደም ተከተል የመደርደሩን ጨዋታ ደግሞ ሜዳ ላይ በኖራ መስመር ሥለህ ልጆቹን በላዩ ታስኬዳቸዋለህ። ይሄ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ትምህርት ነው፣ መብራት ደግሞ ይጠፋል።

መልስ 7 እና 8

7ኛው የወንጪን ነገር አነሳ። በ2012 እ.ኤ.አ. አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የሚባለው ድርጅት ታብሌቶችን በካርቶን አሽጎ ትምህርት ቤት በሌለባቸው መንደሮች አስቀምጦ ሄደ፣ ልጆቹ ያለ አስተማሪ ከፍተው ፊደል መማር ጀመሩ፣ ከወራት በኋላ ደግሞ የተዘጋውን ካሜራ ራሳቸው አስከፈቱት። ስለዚህ ልጆቹን ተዋቸው፣ አማካሪ ምናምን አያስፈልጋቸውም ነው የሚለው።

8ኛዋ በጨዋነት ግን አጥብቃ አረመችው። የተደረገው በሁለት ትንንሽ መንደሮች በጥቂት ደርዘን ልጆች ላይ እንደሆነ፣ ታብሌቶቹን የሚከታተል ሰው በየጊዜው እየሄደ መረጃውን ይወስድ እንደነበር፣ ቻርጅ የሚሆኑትም በሶላር እንደነበር አስታወሰችው። ከዚያ በፊት እኮ ይኸው ድርጅት ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ ላፕቶፖች ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች አድርሶ ነበር፣ ዛሬ የት እንዳሉ የሚነግረን ካለ ይምጣ ብላ ጨረሰች። ማንም አልመጣም። ልጅ በራሱ ብዙ ይማራል፣ እኔም አምናለሁ፣ ግን የሆነ ቦታ ላይ ሲጣበቅ የሚጠይቀው ሰው ከሌለ እዚያው ይቆማል።

መልስ 9

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ የሴት ልጅ ነገር ያነሳችው እስካሁን እሷ ብቻ ስለሆነች በጥሞና አንብቧት። ቅዳሜ የሚሰጥ ሥልጠና ተመዝግባ ያቋረጠችው ስላልገባት እንዳልሆነ ነው የምትናገረው። ቅዳሜ ቤት ውስጥ ልብስ አለ፣ ገበያ አለ፣ ወንድሟ ሲሄድ የሚጠይቀው የለም እሷ ስትሄድ ግን የት ነበርሽ አለ፣ ሲመሽ ደግሞ የባጃጅ ብር አለ። የምትጠይቀው ትምህርቱ በራሷ ትምህርት ቤት፣ ከክፍል መውጫ ሰዓት ጀምሮ እንዲሆን እና ከሚመጡት ሁለት አማካሪዎች አንዷ ሴት እንድትሆን ነው። እህቴ፣ ሁለቱንም ሐሳቡ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

መልስ 10፣ 11፣ 12

እዚሁ ጅማ መርካቶ ውስጥ ሞባይል የሚጠግን ወንድማችን ገባ። በክረምት እሱ ጋ የሚውል የአስረኛ ክፍል ልጅ ቴስተር ይዞ ቦርዱ ላይ ሾርት ያደረገችውን ካፓሲተር ፈልጎ እንደሚያገኝ፣ ዲያግራም እንደሚያነብ፣ በአንጻሩ ከኤሌክትሪካል የተመረቁ ልጆች ሶልደር ማድረግ አስተምረን ብለው እንደሚመጡ ጻፈ። ትብብር ከተባለ የሱን ሱቅ የሚመስሉ ሱቆች ለምን እንደተረሱ ነው የጠየቀው፣ ሁለት ልጅ በነፃ እቀበላለሁም አለ።

11ኛው ወዲያው ጥገና ከኢንጂነሪንግ ጋር እንደማይገናኝ፣ ኢንጂነር የሚነድፍ እንጂ ዕቃ የሚቀይር እንዳልሆነ፣ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ማቃለል ተገቢ እንዳልሆነ ቆጣ ብሎ መለሰ። 10ኛው ተመልሶ ሁለት መስመር ጻፈ እኔ እዚህ አልደግመውም። 12ኛው በዕድሜ ገፋ ያሉ የቴክኒክና ሙያ መምህር ናቸው፣ ሁለቱንም ልጆቼ እያሉ አበረዱልን። ብልሽት መፈለግ ራሱ የምህንድስና አስተሳሰብ እንደሆነ፣ ምልክቱን አይቶ መገመት፣ መለካት፣ ግምቱን መጣል፣ እንደገና መለካት እንደሆነ አስረዱ። ነገር ግን ያንን ልጅ ካፓሲተሯ ለምን እዚያ ቦታ እንደገባች የሚያስረዳው ካላገኘ ዕድሜውን ሙሉ ዕቃ እየቀየረ ይኖራል አሉ። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሱቁና ግቢው የሚገናኙበት ቦታ እርስዎ ያሉት ይመስለኛል፣ ልጁ እጁን ከሱቁ ምክንያቱን ከግቢው ያግኝ።

መልስ 13 እና 14

13ኛው ሥራ የለም ባይ ነው። መንግሥት 70 በመቶውን ኢንጂነር አድርጎ አስመርቆ ሥራ እንዳጣ፣ አሁን ደግሞ ከሃይስኩል ጀምረን ሌላ ሥራ አጥ ልናዘጋጅ እንደሆነ በምሬት ጻፈ። 14ኛው አንድ ነገር አስተካከለለት፣ 70 ለ 30 የተባለው ፖሊሲ 70ውን በሙሉ ለኢንጂነሪንግ የሰጠ አይደለም፣ ጤናውም እርሻውም ተፈጥሮ ሳይንሱም እዚያ ውስጥ ነበሩ። ምሬቱ ግን ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። የክፍሉ ቁጥር በፍጥነት ሲያድግ ላቡና መምህሩ እኩል አላደገም፣ ልጁ ሰሌዳ ላይ ብቻ ተምሮ ወጣ። ለዚያም ነው በእጅ መሥራትን ቀድመን ሃይስኩል እናድርሰው የምለው።

መልስ 15 እና 16

15ኛው ጽሑፍ ግማሹ በአፋን ኦሮሞ ግማሹ በአማርኛ ነው፣ ትንሽ ተቆጥቷል። ከሰቃም ከሰርቦም ከደዶም የሚመጣው ልጅ እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ዘጠኝ ሲገባ ሁሉ ነገር እንግሊዝኛ እንደሚሆንበት፣ ግቢ ያለው ተማሪ ደግሞ ከየክልሉ ተመድቦ የመጣ ስለሆነ ቋንቋውን እንደማይችል፣ በአማርኛ ብቻ የሚሰጥ ሥልጠና ገጠሩን እንደሚጥለው አሳሰበ። ስለዚህ ጉዳይ በመነሻ ፖስቱ ላይ አንድም ቃል አለመኖሩ እንዳሳዘነውም አልደበቀም። 16ኛዋ መፍትሔ ይዛ መጣች፣ ሁለት ሁለት የተባሉት አማካሪዎች ሲጣመሩ አንደኛው የግድ አፋን ኦሮሞ የሚችል ይሁን፣ እሷም የመጀመሪያዎቹን የስክራች ትምህርቶች በቁቤ ለመጻፍ ፈቃደኛ ናት። ተቀብለናል።

መልስ 17 እና 18

17ኛው የአዲስ አበባን ነገር አነሳ። ኤቱኤስቪ የሚባለው ፕሮግራም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እና በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ያሉ ተማሪዎችን ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም እያሠለጠነ ትልልቅ ካምፓኒዎች ደጃፍ ማድረሱን፣ እዚያ ሲኒየሩ ጁኒየሩን ማስተማሩ ግዴታ መሆኑን ጽፎ፣ 350 ኪሎ ሜትር ስለራቅን ብቻ መዘንጋት እንደሌለብን አሳሰበ። የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችንም አስታወሰ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያና የተባበሩት አረብ ኤሚሬትስ በጋራ የጀመሩት፣ ዌብ ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስና ኤአይ በነፃ የሚሰጥበት ማለት ነው። ማንም ሰው ዛሬ ማታ ስልኩን ከፍቶ መመዝገብ እየቻለ ለምን ሌላ ነገር እንደምንፈጥር አልገባውም።

18ኛው ሰው የሰርተፊኬት ነገር አበሳጭቶታል። ቪዲዮውን እያለፉ መልሱን ከግሩፕ እየገለበጡ ሰርተፊኬት የሚያወጡ ልጆች ላይ ሳይቀር ወረደባቸው፣ ቃሉ ሻካራ ነበር። እኔ በኮርሱ ላይ አልፈርድም፣ ይዘቱ ጥሩ ነው፣ ዳታ ላለውና እንግሊዝኛ ለሚያነብ ልጅ በር ይከፍታል። ሰርቦ ወይም አሰንዳቦ ያለ ልጅ ግን አጠገቡ ተቀምጦ ይቺ መስመር ለምን ኤረር አመጣች የሚለው ሰው ነው የሚያስፈልገው። አማካሪዎቹ ኮርሶቹን ከልጆቹ ጋር አብረው ቢከታተሉ እኮ ሁለቱም ነገር ይሳካል።

መልስ 19 እና 20

እዚህ ጋ ከርዕሱ ወጣን። አንዱ ስለ መብራት መጥፋት ሲያማርር ሌላው ግልገል ጊቤ አጠገባችን 184 ሜጋዋት እያመነጨ እኛ በሻማ ማንበባችንን አመጣ፣ ከዚያ ጭቅጭቁ ወደ ትራንስፎርመር ሄደ፣ ከትራንስፎርመር ወደ ቡና ዋጋ እንዴት እንደሄደ ግን ልከተለው አልቻልኩም። አንድ ነገር ግን ከመሃሉ ላውጣ፦ 20ኛው ራስፕቤሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ቦርድ ላይ ኮሊብሪ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭኖ፣ በመኪና ባትሪ እያሠራ፣ ልጆቹ ያለ ኢንተርኔት በዋይፋይ በየስልካቸው ትምህርቱን እንደሚከፍቱት ገለጸ። መሞከር የሚፈልግ ካለ አሠራሩን እሱን ጠይቁት።

መልስ 21 እና 22

ከውጭ አገር የጻፈ የጅማ ልጅ ነው፣ ቢሮው የሚጥላቸውን ላፕቶፖች ሰብስቦ መላክ ይፈልጋል። ልቡ ደግ ነው፣ ምስጋናም ጎረፈለት። 22ኛው ግን በቀጥታ መልስ 3ን እንዲያነብ ነገረው፣ ከዚያ ምን ቢልክ እንደሚሻል ዘረዘረለት፦ ስታቢላይዘር፣ ፓወር ሰፕላይ፣ የማዘርቦርድ ባትሪ፣ ኤስኤስዲ (በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ቦታ የሚገባ ፈጣን ማከማቻ)። አንድ ኤስኤስዲ የገባለትና ሊኑክስ የሚባለው ነፃ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የተጫነበት አሮጌ ማሽን ለትምህርት ዓመታት ያገለግላል። ስጦታው በድርጅት በኩል ይምጣ፣ መለዋወጫው ግን በሻንጣም ይመጣል። እኔ የምጨምረው፣ ወንድሜ፣ ከዕቃው ይልቅ በወር አንዴ ማታ በቪዲዮ ከአማካሪዎቹ ጋር ተቀምጠህ ኮዳቸውን ብታይላቸው የበለጠ ይጠቅማቸዋል።

መልስ 23

ኪቶ ፉርዲሳ ያለ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነው፣ እና እውነቱን ፊት ለፊት አስቀመጠው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ ኢንተርንሺፕ አለ፣ ፕሮጀክት አለ፣ በጎ ፈቃደኛ ሁን የሚል ሰው ሁሉ ተማሪው ትርፍ ጊዜ ያለው ይመስለዋል። ብዙ ክለብ እንዳየ፣ መጀመሪያ ላይ ሃምሳ ሰው ተመዝግቦ ሚድ ኤግዛም ሲደርስ ሦስት ሰው እንደሚቀር ጻፈ። ክሬዲት ካለው ግን ይሄዳል፣ ጓደኞቹም ይሄዳሉ። ክሬዲት የሌለው ከሆነ እሱን አትቁጠሩት።

ስድብ የመሰላቸው ነበሩ፣ ለኔ ግን ከምስጋናው ሁሉ የሱ ይበልጣል። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጀርመን ጋር በተሠራው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም ጊዜ ኢንተርንሺፕ ሥርዓተ ትምህርቱ ውስጥ ስለገባ ነው ዛሬም ያለው፣ በበጎ ፈቃድ ቢተው ኖሮ ከፕሮግራሙ ጋር ያበቃ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. ከቤልጂየም ፍሌሚሽ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተጀመረው ትብብርም የቆየው በዓመት በዓመት የሚታደስ ፍላጎት ላይ ስላልተንጠለጠለ ነው፣ በሁለቱም ወገን ተጠያቂ ሰው ነበረው። የክሬዲቱ ጉዳይ የዲፓርትመንት ጉዳይ ነው፣ ስለዚህ ከመምህራኑ መካከል ይሄን የምታነቡ ካላችሁ ሲቢቲፒው ውስጥ በምን መልኩ ሊገባ እንደሚችል እዚህ ጻፉልን፣ በስም ካልፈለጋችሁ በውስጥ መስመር።

መልስ 24

የንብረት ሥራ የሚያውቅ ሰው ነው፣ ለመልስ 3 መምህር የጻፈው ነው። በአገልግሎት ያለቀ ዕቃ በንብረት ማስወገድ ሥርዓት ከመዝገብ እንደሚወጣ፣ ለዚህ ግን መምህሩ ብልሽቱን በታየ ጊዜ በደብዳቤ ማሳወቅ እንዳለበት፣ ዝም ብሎ ካቆየው ጥፋቱ ወደሱ እንደሚዞር አስረዳ። ላቡ በተከፈተ ቁጥር የሚሞላ መዝገብ ይኑር ነው የሚለው፣ ቀን፣ ክፍል፣ ማን ከየትኛው ማሽን ላይ ተቀመጠ፣ ሲወጡ ምን ጎደለ፣ አማካሪዎቹና መምህሩ አብረው ይፈርሙበታል። ክፍሉን የሚያስከፍተው ይሄ ወረቀት ነው ብዬ ስለማምን ፎርሙን እያዘጋጀሁት ነው።

መልስ 25

የመልስ 3 መምህር ተመልሶ መጣ። ፎርሙን ርዕሰ መምህሩ ጋ እንደሚወስደው፣ ከተፈቀደ በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት በኋላ ላቡን ለሃያ ልጅ እንደሚከፍት፣ ከሃያው አስሩ ሴቶች እንዲሆኑ እንደሚያደርግ ጻፈ። የሚሠሩት ማሽኖች ስንት እንደሆኑ አያውቅም ምክንያቱም ከከፈታቸው ቆይቷል። የሞባይል ጠጋኙ ወንድማችን በራሱ ወጪ ሄዶ ሊፈትሻቸው ተስማምቷል፣ 11ኛው መላሽም አብሬው እሄዳለሁ ብሏል።

ክሩን ክፍት ትቼዋለሁ። ከዚህ በኋላ የምትጽፉ የትምህርት ቤታችሁን ከተማ፣ የሚሠሩትን ኮምፒውተሮች ብዛት፣ ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ እና ልጆቹ በየትኛው ሰዓት መቆየት እንደሚችሉ ጻፉ። የትራንስፖርቱን ነገር እስካሁን ማንም አልመለሰም፣ ከከተማ ውጭ ላሉት ደግሞ ትልቁ ወጪ እሱ ነው፣ ሐሳብ ያላችሁ በሱ ጀምሩ።